አጥሩ ሆድ አወጣብን

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ግንበኝነት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን የሠራሁት የክፍል ግድግዳ ነበር፤ አራት ሜትር፣ ቢበዛ አምስት ሜትር። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ 42 ሜትር የሚረዝም የብሎኬት አጥር ያዝን። መሠረቱ ድንጋይ ነው፤ የኮለኖቹ፣ የምሰሶዎቹ ማለቴ ነው፣ ብረት ቆሟል፣ ኮንክሪቱ በኋላ ነው የሚሞላው። እኔ ከአንዱ ጫፍ፣ ጓደኛዬ ከሌላው ጫፍ ተነስተን መሃል ላይ እንገናኛለን። ረድፉ ቀጥ እንዲልልን ሲባጎውን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እንወጥራለን፤ እጃችን እስኪቆረጥ ነው የምንስበው።

ስድስት ረድፍ ከወጣን በኋላ ባለቤቱ መጥተው ከዳር ቆመው አዩት። ‹ይሄ አጥር ነው ወይስ እባብ?› አሉን። እውነታቸውን ነው። መሃሉ ሦስት ሴንቲ ያህል ወርዷል። ከዚያ የባሰው ግን ወደ መንገዱ በኩል ሆድ አውጥቷል። የታችኞቹ ሦስት ረድፎች ወደ ጎን ደህና ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ሲሚንቶ አልቆብን ስንጠብቅ ስለዋልን አራተኛውን የጀመርነው ከምሳ በኋላ ነው። ከዚያ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየወጣ ስድስተኛው ላይ አራት ሴንቲ ደርሷል። ፎርማኑ ‹ሲባጎ መወጠር እንኳ አትችሉም› ብሎ የሁለት ቀን ሒሳብ ሊቆርጥብን ነው። ጓደኛዬ ልስን ይሸፍነዋል ይላል። እኔ ደግሞ ሲባጎ ካልታመነ ምን ይታመናል ብዬ ግራ ገብቶኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ፎርማኑ ያለውን ለጊዜው እንተወው። ነገሩ መወጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ክንደ ብርቱ ሁሉ ግንበኛ ይሆን ነበር። እጃችሁ እስኪቆረጥ ከሳባችሁ መወጠሩንስ ወጥራችኋል። እናንተ የያዛችሁት ሁለት በሽታ ነው። አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን። እንደ አንድ ስለቆጠራችኋቸው ነው መድኃኒቱ የጠፋባችሁ።

ወደ ታች ከወረደው ልጀምር። ሲባጎ ክብደት አለው። ቀጭኑ ናይለን በሜትር 1 ግራም ገደማ ይመዝናል። 42 ሜትሩ 42 ግራም፣ አንድ እንቁላል ቢሆን ነው። ይቺ እንቁላል ግን በክሩ ርዝመት ሁሉ ተበትና ወደ ታች ትስበዋለች። ስለዚህ አግድም የተወጠረ ክር የቱንም ያህል ብትስበው መሃሉ ላይ ጥቂት ይረግባል። በ5 ኪሎ ጉልበት ስትስበው 42 ሜትር ላይ 4 ሴንቲ ከምናምን ይወርዳል። በ7 ኪሎ ስትስበው 3 ሴንቲ። ያንተው 3 ሴንቲ መሆኗ ነው። በ10 ኪሎ ብትስበው እንኳ 2 ሴንቲው ይቀራል፤ ያኔ ደግሞ የማዕዘን ብሎኬትህ አብሮ ይመጣል።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ጉልበቱን እጥፍ ስታደርግ ርግበቱ በግማሽ ነው የሚቀንሰው። ርቀቱን ለሁለት ስትከፍል ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያው በ5 ኪሎ፣ 21 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ከ1 ሚሊ ነው። እንደገና ለሁለት ክፈለው፤ 10 ሜትር ተኩል ላይ 3 ሚሊ አይሞላም። 3 ሚሊ በሞርታር ውስጥ የምትጠፋ ነገር ናት። ክፍል ስትሠራ ይሄን በሽታ አይተኸው የማታውቀውም ለዚህ ነው፤ 5 ሜትር ላይ 1 ሚሊም አይሆን። እንግዲህ ጡንቻህን ተወውና ርቀቱን ቁረጥ።

«ታዲያ 3 ሴንቲ ሲወርድ እንዴት አላየንም?» ትለኝ ይሆናል። መሠረቱ ድንጋይ ነው ብለሃል። ድንጋይ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ሥር የሚገባው ሞርታር እዚህ ሁለት፣ እዚያ አምስት ሴንቲ ነው። ውፍረቱ ርግበቱን ሸሸገላችሁ። በግሬድ ቢም፣ ላዩ ልክ በሆነ የኮንክሪት ወለል ላይ ብትጀምሩ ኖሮ መሃል ላይ ብሎኬቱ የሞርታር ቦታ ያጣና ገና በመጀመሪያው ቀን ትነቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ረድፎች ሁሉ ያንኑ የረገበ ክር እየተከተሉ የመጀመሪያውን ስህተት በታማኝነት ደገሙት። ሄደህ ለካው። 3 ሴንቲው ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ እንዳለ ታገኘዋለህ።

ወደ ጎን የሄደው የተለየ ነው። ክብደት ወደ ጎን አይስብም። ክር ወደ ጎን ከሄደ የገፋው ነገር አለ ማለት ነው። የሚገፋው ደግሞ ወይ እጅ ነው ወይ ነፋስ።

አንተ ሳታውቀው ፍንጩን ጽፈህልኛል። «ከምሳ በኋላ ነው የጀመርነው» ብለሃል። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚነፍስ ለአንተ አልነግርህም። ቀጭን ክር ስለሆነ ነፋስ አይይዘውም እንዳትል። መካከለኛ የሚባለው ነፋስ እንኳ ናይለኑን ከገዛ ክብደቱ በላይ ይገፋዋል። ክብደቱ ብቻ 3 ሴንቲ ካወረደው ነፋሱ ወደ ጎን ስንት ሊወስደው እንደሚችል አስብ። የታችኞቹ ረድፎች መሬት ላይ ስለነበሩ ተከልለው ነበር። ከፍ ስትሉ ነፋሱም በረታ፣ ቀኑም ገፋ። ሆዱ ጥቂት በጥቂት የመጣው ለዚህ ይመስለኛል። ነፋሱ ከግቢው ወደ መንገዱ የሚነፍስ ከነበረ ጉዳዩ ተዘጋ።

ካልነበረ ግን እጃችሁን እንይ። የነፋስ ሆድ ለስላሳ ነው፤ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ያብጥና መሃል ላይ ይበዛል። የእጅ ሆድ ጎርበጥ ያለ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይነሳል። አመጣጡ እንዲህ ነው። ብሎኬቱን አስቀምጠህ በግንበኛ ማንኪያው እጀታ መታ መታ ታደርገዋለህ። ጫፉ ክሩን ይነካል። ሁለት ሚሊ ገፋው። አንተ አላየህም፤ ክሩ ቀጥ ያለ ነው የሚመስልህ። ቀጣዩን ብሎኬት ታዲያ ከተገፋው ክር ጋር ታስተካክላለህ። እሱም ይነካል። እንዲህ እያለ አምስተኛው ብሎኬት ላይ 1 ሴንቲ ወጥተሃል። ከሌላው ጫፍ ደግሞ ጓደኛህ ያንኑ ክር በራሱ በኩል እየገፋልህ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ብርሃን ነው። በብሎኬቱ ፊትና በክሩ መካከል ሁልጊዜ ቀጭን ብርሃን ይታይህ። የክሩ ውፍረት ሁለት እጥፍ፣ 2 ሚሊ ቢሆን ይበቃል። ከብሎኬቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር እኩል ቁመት ላይ ይሁን፣ ግን አይንካው። በየአሥር ብሎኬቱ ክሩን በጣትህ ትንሽ ከፍ አድርገህ ልቀቀው። ተንቀጥቅጦ ወደ ቦታው ከተመለሰ ነፃ ነው። እንደ ደረቀ እንጨት ዝም ካለ አንድ ነገር ይዞታል። የፈሰሰ ሞርታር ሊሆን ይችላል። የወጣ የብሎኬት ጥርስ ሊሆን ይችላል። በእናንተ አጥር ላይ ደግሞ የኮለን ብረት ቆሟል ብለሃል፤ ከብረት ማሰሪያው ጥቁር ሽቦ አንዷ ጫፍ ወደ ውጭ ወጥታ ክሩን ይዛ እንደሆን እያት። ጉጠት አንስተህ ወደ ውስጥ እጠፋት።

እግረ መንገዴን የራሴን ልንገርህ። ወጣት ሆኜ አንድ የመጋዘን ግድግዳ ላይ ነበርኩ። ምሳ በልተን ተመለስን፣ ሥራ ቀጠልን። እስከ አሥር ሰዓት ሠርተን ቀና ስንል መሃሉ ሰምጧል። ምክንያቱን ፍለጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንሄድ አንዱ የቀን ሠራተኛ ጋቢውን ሲባጎው ላይ ሰቅሎታል! ሰውዬው ምንም አልመሰለው። «ገመድ መስሎኝ ነው» አለ። ያን ጊዜ ተናደድኩ፤ አሁን ሳስበው ሰውዬው ላይ አልፈርድም። ከሰዓት ሥራ ስጀምር ክሩን በአንድ ዓይን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ምሳ በልቶ የመጣ ግንበኛ ሲባጎውን እንደ አዲስ ማየት አለበት። ናይለን እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል፤ ጠዋት በጤዛ የወጠርከው ከሰዓት ያው አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። 42 ሜትሩን አራት ቦታ ከፍለው። ክሩን መሃል ላይ ደግፎ የሚይዝ ሦስት ማገዣ ያስፈልግሃል፤ በየ10 ሜትር ተኩሉ አንድ። ኮለኖቹ ተሞልተው ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ኮለን ማገዣ ይሆንህ ነበር፣ ያውም ራሱ ቀጥ ካለ። አሁን ግን በራስህ ትሠራዋለህ።

ቁመቱን ከክሩ አትውሰድ። የታመመው እሱ ነውና። በውሃ ጎማ ውሰድ። ግልጽ የሆነውን ጎማ ውሃ ሙላው፤ ውስጡ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ እንዳትቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተልክ እየው። አረፋ ያለበት ጎማ ይዋሻል። ሁለቱም አፎች ክፍት ይሁኑ፤ ውሃ እንዳይፈስ በጣት ደፍነህ ትወስደዋለህ፣ ስታነብ ግን ትለቃለህ። ውሃው መወዛወዙን አቁሞ በሁለቱም አፎች እኩል ቁመት ላይ እስኪረጋ ጠብቅ። በዚህ ከአንዱ ማዕዘን ተነስተህ በሦስቱ ማገዣ ቦታዎችና በሌላው ማዕዘን ላይ እኩል ምልክት ታደርጋለህ። ምልክቱን የሚይዝልህ የቆመ ነገር ይኑር፤ የኮለኑ ብረት ላይ በፕላስተር ልታደርገው ትችላለህ፣ ወይም ሞራሌ፣ የተሰነጠቀ ቀጥ ያለ እንጨት፣ አቁም።

ከዚያ ሌላ ቀጥ ያለ ሞራሌ ወስደህ ረድፎቹን ጻፍበት። ብሎኬቱ 20 ሴንቲ፣ ሞርታሩ 1 ሴንቲ፤ በየ21 ሴንቲው በእርሳስ መስመር። ይቺ ሞራሌ ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ነገር አትሥራ። እሳት ሊያነዱባት የሚፈልጉ አይጠፉም፤ ደብቃት። በየረድፉ ከውሃ ልኩ ምልክት በእሷ እየለካህ ማዕዘኖቹንና ማገዣዎቹን እኩል ታወጣለህ።

ወደ ጎን ያለውን መስመር ደግሞ በማለዳ ያዘው። ነፋስ ሳይነሳ፣ ክሩን ከጫፍ ጫፍ በመሠረቱ አጠገብ ዘርጋ። ወደ ታች ይርገብ፤ ግድ የለህም። ነፋስ ከሌለና የነካው ከሌለ ወደ ጎን ቀጥ ያለ ነው። በሦስቱ ማገዣ ቦታዎች ላይ መስመሩን መሠረቱ ላይ በሚስማር ጫር ጫር አድርገህ ምልክት አድርግ። ከዚያ በኋላ ያለው የቱንቢ፣ በክር የተንጠለጠለው ክብደት ሥራ ነው። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 7 በቱንቢ የተሠራ ቅጥር በራእይ አየ ይባላል፤ ዕቃው የዚያን ያህል የቆየ ነው። ያረጀ ዕቃ ነው ብለህ አትናቀው። ማገዣው ከምልክቱ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ከቱንቢ የተሻለ የሚነግርህ የለም። ቱንቢው ግን ነፋስ ላይ ይዋልላል፤ ክብደቱን ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ብትነክረው ቶሎ ይረጋልሃል።

ማገዣው ራሱ ሁለት ብሎኬት ነው፤ በሞርታር በትክክል የተቀመጡ። ላዩ ላይ ከቆርቆሮ የቆረጥካትን የሦስት ጣት ስፋት ያላት ቁራጭ አድርግ። ጫፏ ከብሎኬቱ ፊት ትንሽ ትውጣ። ክሩ በእሷ ላይ ይለፍ። እንዳትነሳ ደረቅ ብሎኬት ጫንባት። ክሩ ቋጠሮ ካለው እዚህ ላይ ይያዝብሃል፣ ስለዚህ የተበጠሰ ቀጥለህ አትጠቀም። አንድ ጥቅል ናይለን ከአንድ ብሎኬት ረድፍ መፍረስ ይረክሳል። ስትገዛ ደግሞ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ግዛ፤ ነጩ ከሞርታሩ ጋር ተመሳስሎ ዓይን ያደክማል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፤ ማሰሪያው። ሲባጎውን ገና ባልደረቀ ማዕዘን ላይ እያሰራችሁ ከሆነ ማዕዘኑን ራሳችሁ እየጎተታችሁት ነው። ማዕዘኑን ሦስት አራት ረድፍ በደረጃ አውጡና አሳድሩት። ወይም ከዚያ የተሻለ፣ ከአጥሩ ጫፍ አንድ ሜትር ወጣ አድርጋችሁ ፌሮ ብረት መሬት ውስጥ ምቱና ክሩን በሱ እሰሩት። ጉልበቱን ፌሮው ይሸከም። የማዕዘኑ ብሎኬት መንገድ ብቻ ያሳይ።

በሌዘር እንሠራ የሚሉህ ይመጣሉ። ቤት ውስጥ ግሩም ነው። በጠራራ ፀሐይ 40 ሜትር ላይ ያቺን መስመር ፈልገህ እስክታገኛት ግን አንድ ረድፍ ትጨርሳለህ።

አሁን የቆመውን አጥር ምን እናድርገው? ጓደኛህ ልስን ይሸፍነዋል ማለቱን አልቀበልም። ልስን ከ2 ሴንቲ ብዙም አያልፍም። አራት ሴንቲ ጉድጓድ በልስን ስትሞላ ይከብዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዓመት በኋላ ሳህን የሚያህል ቁራጭ ይወድቃል። ግድግዳውን በትከሻ ገፍተን እንመልሰው የሚል ካለ ደግሞ እንዳትሰማው። የያዘው ሞርታር ይላቀቅና አጥሩ ቆሞ የሚጠብቅ አደጋ ይሆናል፤ ያውም በመንገድ በኩል፣ ልጆች በሚያልፉበት።

መጀመሪያ በትክክል ለካው። እኩል ውፍረት ያላቸው ሦስት የእንጨት ቁራጮች ቁረጥ፤ ሦስቱም ከአንድ ጣውላ ቢወጡ ጥሩ ነው። 5 ሴንቲ ይሁኑ። ሁለቱን በሁለቱ ማዕዘኖች ፊት ላይ አድርግና ክሩን በእነሱ ላይ ወጥር። ሦስተኛውን ይዘህ በክሩና በግድግዳው መካከል እያንሸራተትክ ሂድ። ልክ ካለፈ ግድግዳው ቀጥ ነው። አልገባ ካለ እዚያ ሆድ አለ፣ ከላላ ጉድጓድ ነው። ይሄንንም ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ረድፍ በረድፍ አድርገው። ከ1 ሴንቲ በታች የወጣውን እለፈው፤ እሱን ልስን ይሸከመዋል። ከዚያ በላይ የወጣውን በጠመኔ ምልክት አድርግና አንሳው። እንደ ግምቴ ስድስተኛውና አምስተኛው በሰፊው ይነሳሉ፣ ከአራተኛው መሃሉ ብቻ። ሞርታሩ ገና ወጣት ስለሆነ ብሎኬቱ ሳይሰበር ይወጣል፤ ቶሎ ከደረሳችሁ። ሳምንት ብታሳድሩት ግማሹን ትሰብሩታላችሁ። ጫፎቹን በደረጃ ተዋቸው፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እንዲቆላለፍ።

3 ሴንቲው ዝቅታ ግን መፍረስ አያስፈልገውም። አጥሩ ወደ አሥር ረድፍ ከደረሰ ከአራተኛው ጀምሮ ሰባት ረድፍ አለህ። መሃሉ ላይ የሞርታሩን ውፍረት ከ1 ሴንቲ ወደ 1 ሴንቲ ተኩል ገደማ አሳድገው፤ ወደ ዳር ስትሄድ እየቀነስክ። በየረድፉ 4 እና 5 ሚሊ ስትመልስ አሥረኛው ረድፍ ላይ 3 ሴንቲው አልቋል። ዓይን አይለየውም። ማገዣዎቹን በየረድፉ በዚያው ልክ ማሳደግ እንዳትረሳ እንጂ።

የሒሳቡ ነገር። ለባለቤቱ እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የትኛው እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደሚቀር፣ በጠመኔው ምልክት እያሳያችሁ። የማፍረሻው ጉልበት የእናንተ ነው፤ እሱን አትከራከሩ። ፎርማኑ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሊቆርጥ ከሆነ፣ የታችኞቹ ሦስት ረድፎች ቆመው እንደሚቀሩ አስቆጥሩት። ብሎኬቱን ራሱ ይቁጠር። እሱ የተከፈለ ሥራ ነው። ደግሞም 42 ሜትር አጥር ለሦስት ዓመት ግንበኛ ሰጥቶ የውሃ ጎማ ያላቀረበ ፎርማን፣ ቢያንስ የጎማውን ዋጋ ይቻል።